ከጥርሴ የተረፈው ኪኒን

ታዲያ ማን ይናገር፣ ሰርካለም እንደሆነች ከንፈሯን ነክሳ ዝም ብላለች፣ የእህቴ ልጅ፣ እኔን ላለማጋለጥ፣ ሐኪሟ ሌይላ ደግማ ትጠይቃታለች፣ እኛ ካዘዝንልሽ ሌላ የዋጥሽው የለም? የልጅሽ የዓይን ብሌን እኮ የመርፌ ጫፍ አክሏል። አምስት ቀኗ ነው። ከንጋት ጀምሮ ጡት አልያዘችም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እኔ ደግሞ ትናንት ለጠያቂው ሁሉ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ናት፣ ለቅሶ አታውቅ! እያልኩ ስፎክር።

እኔ ነኝ የሰጠኋት። ይኸው ወጣ፣ ጮክ ብዬ፣ መቼ በቀስታ አውርቼ አውቃለሁ፣ ጥርሴን ያስነቀልኩ ጊዜ የተረፈኝ ማስታገሻ ኪኒን ነው፣ የተሰፋሁበት አላስተኛኝ አለ ብላ ስታለቅስ፣ እንቺ፣ መድኃኒት ማለት ይኼ ነው አልኳት፣ ከትናንት ወዲያ ሁለት፣ ትናንት ሁለት፣ ቦርሳዬን ዘርግፌ ቀሪውን ለሌይላ፣ አየችው፣ የማርከሻው መርፌ ይምጣ! ቶሎ! ነርሷ ሕፃኗን ይዛ ሮጠች።

ሌይላ ወደ እኔ ዞረች፣ እናቴ፣ እርስዎ ሲውጡት ምን አደረገዎት?

ምን አደረገኝ። አንዷን ውጬ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ጠዋት ተዘርሬ፣ ኃይለኢየሱስ፣ ባሌ፣ ሞታለች ብሎ አፍንጫዬ ላይ መስታወት ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ይህችን በየሰርጉ አውርቻታለሁ፣ ዓይኔን ገልብጬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ አንኮበር በሳቅ ፍርስ ይላል፣ አሁንም ያው አፌ ይናገረዋል፣ ማንም አልሳቀም። በዘር ነው አለች ሌይላ፣ የአንዳንድ ቤተሰብ ሰውነት ይኼን መድኃኒት ባንዴ ወደ ኃይለኛ ነገር ይቀይረዋል፣ ከዚያ በእናት ወተት ያልፋል። በዘር? እኛ የምንወርሰው አፍንጫና ቁጣ ብቻ መስሎኝ! እኔና እህቴ አንድ ማኅፀን፣ ሰርካለም ከእህቴ፣ ሕፃኗ ደግሞ ከሰርካለም፣ ኧረ በማርያም፣ እኔን የሚያህል ግንድ የጣለውን፣ ጭብጥ ለማትሞላ፣ እኔ እኮ የሰጠኋት ስለጣለኝ ነው፣ ብርቱ ነው ብዬ፣ ጎበዝ መድኃኒት ነው ብዬ።

ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ሰርካለም አታየኝም።

ከዚያኛው ክፍል ቀጭን ድምፅ፣ እህ፣ እንደገና፣ አሁን ለየለት፣ ለቅሶ ነው፣ እሷ ናት! ሰርካለም ግን በሰማችው ቅጽበት ደረቷ ራሰ፣ ወተቷ በነጠላዋ አልፎ ይንጠባጠባል፣ አክስቴ፣ ምን ላድርገው አለችኝ፣ አክስቴ አለችኝ፣ እስክንነግርሽ እንዳታጠቢ፣ እየታለበ ይደፋ ብለዋል፣ የአጥሚቱን ኩባያ ይዤላታለሁ፣ ሞላ፣ ይሞቃል፣ ሽታው የጨቅላ ነው፣ የት ነው የሚደፋው፣ ወተት እንዴት ነው የሚደፋው፣