አርባ አንደኛው ቀንድ አውጣ

የነርቭ ምርምር ክፍሉ ሠራተኞች «ሚዛን» ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው የለጠፉባት። ሃያ ሦስት ዓመት በነርስነት ስትሠራ ዐይኗ የሰው እጅ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ታክሲ ውስጥ እንኳ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ጣቶች ሳትመረምር አትወርድም። ተሳስታ አታውቅም ይባላል፤ እሷም ይህን ሲሉ ሰምታ አንድ ቀን እንኳ «ኧረ ተዉኝ» ብላ አታውቅም።

በዚያ ጠዋት ግን ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ከሃያ ዓመት የትዳር ጓደኛዋ ጋር ልትለያይ ነው። ቃሉን ገና አልተናገረችውም፤ ያለችው «ቅዳሜ እህቴ ዘንድ ሄጄ ትንሽ ልቆይ ነው» ነው። ሻንጣው ግን ተዘጋጅቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል፣ የክረምት ልብስ ሳይቀር ገብቶበታል። «ትንሽ» ለመቆየት የክረምት ልብስ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ የለም።

የባሏ ጥፋት መጠጥ አይደለም፣ ሌላ ሴት አይደለም፣ ዱላም አይደለም። ፊቱ ነው። ድሮ ቤቱን በሳቅ የሚያናጋው የጂኦግራፊ መምህር ለእሷ ጥርሱን ካሳያት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ስትቀልድ ያያታል፣ ስትቆጣ ያያታል፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ያያታል፤ ሁሉንም በዚያው በአንድ ፊት። ትናንት እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው ስትለው እንኳ «እሺ» አለና ዝም። ቅንድቡ አልተንቀሳቀሰም። ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሴት በአንዲት «እሺ» ተሸኘች፤ ያንገበገባት ይኼ ነው።

በሥራ ልርሳው ብላ ገባች።

ሥራው ይኸው ነው። ለፓርኪንሰን፣ ማለትም እጅ እግርን ለሚያንቀጠቅጠውና ሰውነትን ለሚያደርቀው የአንጎል ሕመም፣ አዲስ ኪኒን እየተሞከረ ነው። ግማሾቹ ሕመምተኞች እውነተኛውን ኪኒን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም መድኃኒት የሌለበትን። የትኛው ለማን እንደደረሰ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያውቁም፤ ካወቁማ ተስፋቸው ውጤቱን ያበላሸዋል። ሁሉም በየቀጠሯቸው ነጭ ወረቀት ላይ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚዞር መስመር ይሥላሉ። የቀንድ አውጣ ጀርባ ስለሚመስል ክፍሉ ውስጥ ስሙ ቀንድ አውጣ ሆኖ ቀርቷል። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰዎችም ይሥላሉ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ አንድ ፊደል እንኳ የለም፤ የእጅ ጽሑፍ ባለቤቱን ያሳብቃል ተብሎ ቁጥር ብቻ ይታተምበታል። ሚዛን ዘጠና ስድስቱንም ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ አይታ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ሰጥታለች። ዜሮ ጤነኛ እጅ ነው፤ አራት ደግሞ ቀንድ አውጣው የድመት ጭረት የሆነበት።

ዛሬ ዝርዝሩ የሚከፈትበት ቀን ነው። ከኪኒኑ በፊት ግን የሚፈተነው የእሷ ዐይን ነው፤ ጤነኛውን ከታማሚው መለየቷ ካልተረጋገጠ የተቀረው ልፋት ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ዋናው ሐኪም ቁጥርና «ጤነኛ» ወይም «ታማሚ» ብቻ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ፣ የብዕሩን ክዳን እያኘከ ቁጥር ይጠራል። እሷ ነጥቧን ትናገራለች። ድቡልቡሉ መዝጋቢ፣ የብረት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው፣ ምልክት ያደርጋል።

«አርባ» አለ ሐኪሙ።

«ዜሮ።»

«ጤነኛ ነው፣ ልክ ነሽ። አርባ አንድ።»

«ሁለት።»

ሐኪሙ ክዳኑን ከአፉ አወጣ። «ዜሮ ማለትሽ ነው፣ ሲስተር?»

«ሁለት ማለቴ ነው።»

«ከጤነኞቹ ወገን ነው እኮ።»

መዝጋቢው በደስታ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ሚዛን የተሳሳተችበትን ቀን ሳላይ አልሞትም ብዬ ነበር። እንግዲህ ልቤ አረፈ፣ ብሞትም አይቆጨኝም።»

እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ተቀብላ መብራቱ ሥር ዘረጋችው፤ አጉሊ መነጽሩን አነሣች። «እስቲ ኑ እዩት» አለች። «ዙሩ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መስፋት ነበረበት፤ ይሄ እየተጠጋጋ ነው የሄደው። ሙሉ ወረቀት ተዘርግቶለት ቦታ ያጣ ይመስላል። እዚህ ጋ ደግሞ መስመሩ ጥርስ ጥርስ አውጥቷል። መንቀጥቀጡ ገና በዐይን አይታይ ይሆናል፤ ብዕሩ ግን ቀድሞ ተናግሯል። ይሄ ሰው ከታመመ ቢያንስ ሁለት ዓመቱ ነው። መቼ ነው የሣለው?»

«ከአራት ወር በፊት» አለ መዝጋቢው ቀኑን አይቶ።

«አራት ወር ሙሉ ታሞ ከጤነኛ ተቆጥሮ ተቀምጧላ። ዛሬውኑ ይጠራልኝ፣ ዶክተር። ደግሞስ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም? አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚተኛ ሰው ዐይን የለውም እንዴ?»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና «ክፈተው» አለ። መዝጋቢው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ የስም ዝርዝሩን አውጥቶ በጣቱ ወደ ታች እየተከተለ ወረደ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። ጣቱ አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ መዳፉን ሙሉ ወረቀቱ ላይ ጫነው።

«ምን ሆንክ? አንብበው እንጂ» አለችው።

«ሚዛን… ቆይ እስቲ። አንድ ጊዜ ከዶክተር ጋር እንነጋገር።»

እጁን በራሷ እጅ አነሣችው። ከቁጥሩ ጎን፣ በመዝጋቢው የተንጋደደ ጽሑፍ፣ የባሏ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። ከሥሩም፦ «ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፤ መምህር፤ ጤነኛ፤ የሲስተር ባለቤት።»

መስመሩን ደግማ አነበበችው፤ አሁንም እሱ ነው። አጉሊ መነጽሩ ከእጇ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፤ ማንም አልያዘውም።

መዝጋቢው እየተንተባተበ ተናዘዘ። ያን ሰሞን ከጤነኞቹ አንዱ አገር ለቆ ሄዶ ነበር። ሃምሳን የተሻገረ ወንድ እየተፈለገ ሳለ፣ በዝናብ ቀን መምህሩ ሚስቱ የረሳችውን ጃንጥላ ይዞ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ መዝጋቢው አስቀመጠው። ጤነኛ የሚባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ በሐኪም መታየት አለበት፤ በዚያ ጥድፊያ ግን «የሚያምዎ ነገር አለ?» ተብሎ ተጠየቀ፣ «ኧረ ደህና ነኝ» አለ፣ በቃ። «ለሚዛን ትንፍሽ እንዳይሉ፤ ካወቀች ወረቀቱ ይበላሻል» ሲለውም እሺ አለ። አራት ወር ሙሉ አልተነፈሰም።

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። ሰውየውን ሳያይ «ጤነኛ» ብሎ የፈረመው እሱ ነበር።

ሚዛን ግን ጥፋተኛ መፈለጉ አልታያትም። ጆሮዋ ውስጥ የገዛ ቃሏ ነበር የሚጮኸው። ዐይን የለውም እንዴ? አብሮት የሚበላው ሰው እሷ ናት። አብሮት የሚተኛው ሰው እሷ ናት።

ወተቱ ገንፍሎ ቤቱ በጭስ ሲታፈን ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ «አፍንጫህ የት ሄደ?» ብላ ጮኸችበት። በእንቅልፍ ልቡ እየታገለ ቢራገጥባት ጊዜ ትራሷን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች፤ ይኸው እዚያው እንደተኛች ነው። ሸሚዝ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ሲፈጅ «ሙሽራ ነህ?» አለችው። በር ላይ የሚለጥፍላት ማስታወሻ ከቀን ወደ ቀን ሲደቅ «ለጉንዳን ነው የምትጽፈው?» ብላ ለእህቷ በስልክ እያነበበች ሳቀችበት። እያንዳንዷን ምልክት እኮ ታውቃታለች። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት እንዳሉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አንድ በአንድ እንደሚሞቱ፣ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ ካለቁ እንደቆዩ፣ ከዚያ በፊት ሽታና እንቅልፍ እንደሚሄዱ በቃሏ ትናገረዋለች። ለአዲስ ነርሶች የምታስተምረው እሷ ናት።

ፊቱንስ? የሕመምተኞቹ ሚስቶች «ጠልቶኛል፣ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የሚውለው» እያሉ ሲያለቅሱ እጃቸውን ይዛ ምን ነበር የምትላቸው? «እናቴ፣ አኩርፎሽ አይደለም። የፊቱ ጡንቻ ነው የደረቀው። ውስጡ እንደ ድሮው ነው።» ይህን ለስንቷ ሴት ተናግራለች። ወደ ቤቷ ግን ነርስነቷን ከነጋውኗ ሰቅላ ነው የምትሄደው። የሰው ባል ሲሆን ሕመም፣ የራሷ ባል ሲሆን ኩርፊያ። አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ሲስተር፣ ስሚኝ» አለ ሐኪሙ። «ወረቀት ሰው አይደለም። በአንድ ሥዕል ማንም ታሟል አይባልም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነገ ጠዋት ይዘሽው ነይ፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አያታለሁ። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል» አለች። ጋውኗን ሳታወልቅ ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። እንዴት እንደተሻገረቻቸው አታስታውስም። ኮሪደሩን ይዛ ከበሩ ሦስተኛ የሆነውን የመማሪያ ክፍል መስኮት ስታገኝ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፍ ነበር። ርእሱ «የወንዞች አፈጣጠር» ይላል፤ የመጀመሪያው ቃል የቡጢ ያህል ነው፣ ሁለተኛው ያንሳል። ከሥሩ ያለው መስመር እየደቀቀ፣ እየደቀቀ ሄዶ ጫፉ ላይ የትንኝ መንጋ ሆኗል። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «መምህር፣ አይታየንም» አለች። «ጠመኔው ነው» አለ እሱ፤ «ወደ ፊት ኑ።» ልጆቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ። ለምደውታል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ያወቁትን እሷ አላወቀችም።

ደወል ተደወለ። ዞር ሲል መስኮቱ ጋ አያት፤ ወጥቶም ወደ እሷ መጣ። ቀኝ እጁ ይወዛወዛል፤ ግራው ግን ባልዲ የተሸከመ ይመስል ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

«ምነው? ደህና ነሽ? ልጃችን ምን ሆነች?» አለ።

«ልጃችን ደህና ናት። ና፣ እዚህ ቁጭ በል።»

ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎች ኳስ እያሳደዱ በፊታቸው ያልፋሉ።

«ጃንጥላዬን ያመጣህልኝ ቀን ቀንድ አውጣ ሥለሃል?»

«እንዳልነግርሽ ተብዬ ነው እኮ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህም ዝቅ ማለት ዛሬ ገና ነው የተሰማት። «አበላሸሁባችሁ እንዴ?»

«አላበላሸህም። ነገ ጠዋት ዶክተሩ ሊያይህ ይፈልጋል። አብረን ነው የምንሄደው።»

እጆቹን አያቸው፤ ቀስ ብሎ፣ የሰው እጅ እንደሚያይ ሰው። «ግራዋ እንቢ ካለችኝ ቆይታለች» አለ። «ላንቺ ልነግርሽ ስል ትቆጪያለሽ፤ ስትቆጪ ደግሞ እተወዋለሁ።»

ሃያ ሦስት ዓመት የሰው እጅ ስታይ ኖራ አሁን የባሏን ግራ እጅ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው። እንደ እንጨት ተገትሯል።

«ትናንት እሺ ያልከኝ ለምንድነው?» አለችው። «አትሂጂ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«የሰለቸሁሽ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ፊትሽን አዙረሽብኝ፣ ስቄ ባይሽ አትስቂልኝ። የሰለቸውን ሰው በልመና አላስቀምጥም ብዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን አልተኛሁም።»

«ስቄ ባይሽ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

ሚዛን ፊቱን አየች። የግንባሩን መስመር፣ የአፉን ዳርቻ፣ ጉንጩን አየች፤ ምንም የለም፣ እንደተለሰነ ግድግዳ ነው። ቅዳሜ አልሄድም ልትለው ነበር፤ አፏ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ፈገግ በልልኝ።»

አያት። ጠበቀች። ኳሱ እግራቸው ሥር ተንከባልሎ መጣ፤ ልጆቹ ይቅርታ ብለው ወሰዱት። ፊቱ እንደነበረ ነው።

«እባክህ» አለችው።

«መስኮቱ ጋ ቆመሽ ካየሁሽ ጀምሮ» አላት፣ «ፈገግ ብዬ እኮ ነው ያለሁት።»