ሁለት ግራ ያለው ጃኬት

ሰፈሩ ውስጥ ስንት ቆንጆ እያለ የቄንጢት ዓይን አንዲት ሴት ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ የአውቶቡሷ ትኬት ቆራጭ ላይ።

ቄንጢት የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ ልብስ ሰፊዋ። «ጨርቁን ከማየቷ በፊት መስታወቱን የምታይ ልጅ ሌላ ምን ትባል?» ትላለች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ። ልጅቷ ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ ውሎዋ አክስቷ መስፊያ ቤት ነው። ክር ትለቅማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ በካውያ ትተኩሳለች። መቀስ ግን ክልክል ነው። መቀሱ የአክስት ነው፤ ከመቀሱ የአክስት ባል ቢነካ ይሻላል።

የመስፊያ ቤቱ መስኮት አውቶቡስ ማቆሚያውን ያያል። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሷ ስትቆም ካውያው ስንት ልብስ ሊያቃጥል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

አቤት ሴትዮዋ ስትለብስ! ትኬት ቆራጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የደንብ ልብስ ነው የሚሰጣቸው፤ ሌሎቹ ላይ ጆንያ ነው፣ እሷ ላይ ግን ልብስ ይሆናል። አንገቷ ላይ ቀይ ሻሽ ጣል ታደርግና ቋጠሮውን ወደ ጆሮዋ ሥር ትገፋዋለች። ፀጉሯን ጠቅልላ እስክሪብቶ ትሰካበታለች። ትልቅ የወንድ ሰዓት ከእጅጌዋ በላይ ታስራለች፣ ከእጅጌዋ በላይ! ኩል የለ፣ ፓውደር የለ፤ ከንፈሯን ብቻ ቀላ ታደርገዋለች፣ እሱም ይበቃታል። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሌላው ሰው ይወርዳል፣ እሷ ግን ብቅ ትላለች።

ቄንጢት ምኑን ትታው! ከገበር ቁራጭ ሻሽ ሠራች። ፀጉሯ ላይ እስክሪብቶ ሰካች፤ ቀለሙ ፈሶ ማጅራቷን ሰማያዊ አደረገው። ከመሳቢያ ውስጥ የቆመ ሰዓት አግኝታ እጅጌዋ ላይ አሰረች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች አክስት ሆን ብላ።

«እኔ ምን አውቄ! ይሄ ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው።»

«ዓይንሽን ላፈር!»

ታዲያ አንድ ቀን በሩ ተከፈተና ትኬት ቆራጯ ራሷ ገባች።  ሴትዮዋ ከወረቀት ውስጥ ጨርቅ አወጣች፤ ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ፣ ገና ያልበሰለ ሎሚ የመሰለ።

«እህቴ፣ የሹፌርነት ፈተናውን አልፌያለሁ» አለች ለአክስት። «ሰኞ መሪ እይዛለሁ። ሹፌሮች የራሳቸውን ጃኬት ነው የሚለብሱት። ወንዶቹ ተሰልፈው ሊያዩኝ ነው አሉ፤ ካዩኝ አይቀር ደህና አድርገው ይዩኝ ብዬ ነው።»

«ጨርቁ አነሰ እኮ።»

«ከጥቅሉ የቀረው ይኸው ነው። ሌላ የለም።»

አክስት ለክታ፣ ንድፉን በወረቀት ቆርጣ አዘጋጀች። በማግስቱ ግን ሌላ ደንበኛ ቤት ሄዳ ልብስ የምታስለካበት ቀን ነበር፤ እጇንም አሟታል።

«አክስቴ በሞቴ! እኔ ልቁረጠው። የሌላ ሰው ቢሆን አልለምንሽም።»

አክስት ብዙ አሰበች። «የፊቱን ሁለት ክፍል ብቻ። ጨርቁ ስላነሰ አጥፈሽ ሁለቱን አንዴ አትቆርጪም፤ ዘርግተሽ አንድ አንድ ነው። ግራውን ስትጨርሺ ወረቀቱን ገልብጪው፣ ቀኝ ይሆንልሻል። ሰማሽ? ካበላሸሽው መቀሱን በህልምሽም አታዪው።»

ግራው ሲቆረጥ መቀሱ እንደ ቅቤ ሄደላት። ለቀኙ ወረቀቱን አንስታ ልትዘረጋ ስትል ግን አውቶቡሷ መጣች። ትኬት ቆራጯ ዛሬ ሻሿን በሌላው ጆሮ በኩል ቋጥራዋለች! ዓይን ወደ መስኮቱ ሄደ፣ እጅ ወረቀቱን እንደነበረ አስቀመጠ። ቄንጢት እየዘፈነች ቆረጠች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ደረቷ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ስትቆም ክው አለች። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያያሉ። አንዱን ስትገለብጠው ልክ ይመጣል፤ ግን ፈዛዛው ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል።

አክስት ተመልሳ ጠረጴዛውን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግራ።»

«ይሄስ?»

«እሱም… ግራ።»

«ግራ ብቻ ያላት ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይኸው እኔ አለሁ አይደል» አለች ቄንጢት፤ ቀልዱ ግን እንባዋን አላስቀረውም።

አክስት አልጮኸችም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። «ሴትዮዋ ማታ ትመጣለች። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

ትኬት ቆራጯ ከሥራ ወጥታ መጣች። ቄንጢት ሁለቱን ቁራጮች ይዛ ቆማ፣ «እትዬ፣ ጨርቅዎን አበላሸሁት። ሁለት ግራ ቆረጥኩ። መስኮቱን እያየሁ ነበር፣ ማለቴ እርስዎን» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ሴትዮዋ ጠጋ አለች። ቁራጮቹን ሳይሆን የልጅቷን ክንድ ነበር የምታየው።

«ሰዓቱን ለምን ከእጅጌ በላይ አሰርሽው?»

«እርስዎ ስለሚያስሩት።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ የአባቴ ሰዓት ነው። ሰፍቶኝ ይንሸራተታል፤ እጅጌው ላይ ካልታሰረ ይወድቃል።»

«ሻሹስ?»

«የኮሌታዬ ቁልፍ ተበጥሷል።»

«እስክሪብቶውስ?»

«ኪሴ ተተርትሯል። መስፊያ ቤት የምመጣበት ጊዜ የት አለኝ?»

ሌላ ልጅ ብትሆን ቅር ይላት ነበር። ቄንጢት ግን የባሰውን አፈጠጠች። ያ ሁሉ ቄንጥ ከአንድ ቀዳዳና ከአንድ ቁልፍ የወጣ ነው! ገንዘብ ያላት ሴት ቁልፍ ታስተክላለች፣ አለቀ። ይህችኛዋ ሻሽ ጣል አድርጋ ሰፈር ታፈዛለች።

«እትዬ… አንዱን ገልብጬ ብይዝልዎስ?»

አክስት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሴትዮዋ ግን ተነስታ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ቄንጢት ጥቁሩን በግራ፣ ፈዛዛውን በቀኝ በስፒል አያያዘችላት። ሴትዮዋ ዞረች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየች። ከዚያ በወረቀት የተቆረጠውን የኮሌታ ንድፍ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ኮሌታውን ግማሹን በጨርቁ ፊት፣ ግማሹን በጀርባው አድርጉት። ፈዛዛው በጥቁሩ በኩል ይምጣ። ብቻውን ከተተወ ስህተት ይመስላል፤ ሁለት ቦታ ከታየ ግን የታሰበበት ነው።»

አክስት መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። ስትደነግጥ ብቻ ነው እንደዚያ የምታደርገው። «እህቴ፣ አንቺ ይሄን ዓይን ይዘሽ ትኬት ስትቆርጪ ከረምሽ እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት መስፊያ ቤቱ ውስጥ ሥራ የሠራ የለም። አውቶቡሷ መጣች፤ ከመስታወቱ ኋላ መሪውን ይዛ፣ አንዱ ደረቷ ጥቁር፣ አንዱ ፈዛዛ፣ ሰዓቱ ከእጅጌዋ በላይ። ሊያዩዋት የተሰለፉት ወንዶች አዩአት፤ አንዱ እንዲያውም እሷን ሲያይ አውቶቡሱ አመለጠው። መስፊያ ቤቱ አጠገብ ስትደርስ ጥሩምባውን ነፋችው። ቄንጢት መዝለሏን አክስቷ አይታ እንዳላየች ሆነች። መሳቢያው ግን እንደተቆለፈ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የመድኃኒት ቤቷ ሻጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። «እንደ ሹፌሯ ዓይነት» አለች። ወዲያው ደግሞ እህቷ ተከተለች።

አክስት ንድፉን ዘርግታ፣ መቀሱን ከመሳቢያው አውጥታ ግራውን ቆረጠችና መልሳ ቆለፈችበት። ለሁለተኛው ወረቀቱን ስታነሳ እጇ ሳታስበው ገለበጠው። መለሰችው። እንደገና ገለበጠው። ስንት ዓመት የለመደ እጅ እሺ ይላል? ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መሳቢያውን ከፈተችና የልጅቷን ፊት ሳታይ መቀሱን ዘረጋችላት።

«ነይ እስቲ፣ ግራውን አንቺ ድገሚልኝ።»

ቄንጢት መጀመሪያ ተነስታ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች። ከዚያ መቀሱን ተቀበለች።