ገዳይ ጸሐፊ ነው

በዚህ ዓመት ስምንት መጽሐፍ አንብቤ ሰባቱን ሰደብሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ስምንተኛውን አሞገስሁ፤ ጣጣው የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው።

ስሜ ትሕትና ይባላል። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ቅሬታ ያለው አባቴን ይጠይቅ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ቢቸና በእናቴ ጨርቅ መደብር ሜትር ይዤ እውላለሁ። ከገበያ ቀን በስተቀር ሰው ስለማይገባ አነባለሁ። መጽሐፉ የሚመጣልኝ ከሞጣ ነው። እዚያ ጋሽ ወልደ ኪዳን የሚባሉ መጽሐፍ አከራይ አሉ። የአክስቴ ባል ቢያድግልኝ በዚያ መንገድ ሚኒባስ ይነዳልና ሲመለስ ሁለት ሁለት መጽሐፍ በፌስታል ያመጣልኛል። ኪራይ የለብኝም። በኪራይ ፈንታ አስተያየት እጽፋለሁ፤ በብጣሽ ወረቀት፣ ከአራት መስመር ሳይበልጥ። ጋሽ ወልደ ኪዳን ብጣሿን ከፊት ሽፋኑ ውስጥ በስቴፕለር ይመቷታል፤ ደንበኛ ገልጦ ያያትና ይወስናል። የውላችን ሕግ አንዲት ናት፤ ገዳዩን መናገር የለም።

ሕጉን አክብሬ ነው የኖርሁት፤ ደራሲዎቹ ግን ምንም አላከበሩኝም። «ብርቱካናማው ሻንጣ» የሚባለውን ሳነብ ቀኝ እጄ መጽሐፉን ስለያዘ በግራዬ ልጎርስ ብዬ እናቴ እጄን መታችኝ። ያን ያህል ይዞኝ ነበር። አምስት ሰው ጠረጠርሁ፤ ስማቸውን በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ጻፍሁ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ከዚያ በፊት ስሙ እንኳ ያልተነሳ ሰው ከጅማ በአውቶቡስ መጣና ገዳዩ እሱ ሆኖ ቁጭ አለ። ማን እንደሆነ አሁንም አልናገርም፤ ግን እንዴት ነው የማላውቀውን ሰው የምጠረጥረው? ብጣሿ ላይ «ገዳዩን ለማግኘት አትድከሙ፤ ገና አልተሳፈረም» ብዬ ጻፍሁ።

«ዝናብ ያልጠገበች ልብ» ደግሞ ወንጀል የለበትም ይባላል። እኔ ግን መጻፉ ራሱ ወንጀል ነው እላለሁ። አርባ ገጽ ይዘንባል። ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ውጭ ይዘንባል፤ ታለቅሳለች። ይቺ ልጅ ልብስ የምታጥበው መቼ ነው? ይባስ ብሎ የቢቸና ልጅ ናት፤ ከመስኮቷም ዓባይ ድልድይን ታያለች። ዓባይ ድልድይ እኮ ከደጀን በታች ነው! እኔ ከመስኮቴ የማየው የእትዬ ሀብትነሽን ቆርቆሮ ነው። ሰውየው ሉማሜ ድረስ እንኳ መጥቶ አንድ ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት? «ደራሲው መንገድ ጠፍቶበታል፤ ያገኘው ወደ ደጀን ይመልሰው» አልሁ። ጋሽ ወልደ ኪዳን በዚህች ብጣሽ ብቻ መጽሐፉን ለስድስት ሰው አከራዩት። ሰው ስድብ ይወዳል።

ከዚያ «የመዝገብ ቤቱ መብራት» መጣ። አንድ ዳኛ በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። የሚጠረጠሩት አራት ናቸው፤ ሚስቱ፣ ጠበቃው፣ ዘበኛውና የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ። አራቱም ከመጀመሪያው እዚያው ናቸው፤ ከጅማ የሚመጣ የለም። የሟች እናት በየቀኑ መዝገብ ቤቱ በር ላይ መጥታ ትቀመጣለች፤ ምን ፈልጋ እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም፤ እኔም ሳልጠይቅ ነው ያለፍኋት። ስጨርስ ገረመኝና እንደገና ከገጽ አንድ ጀመርሁ። ሁለተኛውን ንባብ ስጨርስ ቢያድግልኝ ሞተሩን አስነስቶ ክላክስ ያደርጋል። እየሮጥሁ ጻፍሁ፤ «ገዳይ ጸሐፊ ነው! አንብቡት።»

እኛ ልጆች አንድ ነገር ልብ ሲያጠፋ «ገዳይ» እንላለን፤ ገዳይ ዘፈን፣ ገዳይ ሹሩባ። ጸሐፊ ያልሁት ደግሞ የጻፈውን ሰው ነው። ደራሲ ብል ምን ነበረበት? ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው። እጄ ጸሐፊን መረጠ፤ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ቢያድግልኝ ባዶ እጁን መጣ።

«ፌስታሉስ?»

«የለም። ጋሽ ወልደ ኪዳን ከእንግዲህ አልልክላትም ብለዋል።»

«ለምን?»

«ገዳዩን ተናግራለች አሉ። ደንበኛቸው መሪጌታ ሣህለ ማርያም ተቆጥተዋል።»

«እኔ ነኝ ገዳይ የተናገርሁ?»

«እኔ ሹፌር ነኝ፣ ትሕትና። ያሉኝን አድርሻለሁ።»

ሌላ አከራይ አላውቅም። ቤት ያለው መጽሐፍ የእናቴ ዳዊትና የወንድሜ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። በማግስቱ ቁምጣ የሚሆን ጨርቅ ለጠየቀ ሰው የመጋረጃ ቆረጥሁ። እናቴ ሜትሩን ከእጄ ወሰደችና «ሂጂ ሞጣ፤ ተጣልተሽም ታርቀሽም ነይ» አለችኝ። ጋቢና ተቀምጬ ሄድሁ። ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ ክርክሬን ሳዘጋጅ ነበር፤ ቢያድግልኝ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

የጋሽ ወልደ ኪዳን ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። መሪጌታ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ ግን ጋቢያቸው ሥር ወንጀል ነክ መጽሐፍ አይጠፋም። ጋሽ ወልደ ኪዳን እንደሳቸው ያለ ደንበኛ የላቸውም።

«አንቺ ነሽ ያቺ ልጅ?» አሉኝ።

«እንደምን ዋሉ የኔታ። እኔ ነኝ፤ ግን አልተናገርሁም።»

«ወልደ ኪዳን፣ እስቲ አንብባት።»

ጋሽ ወልደ ኪዳን መነጽራቸውን አድርገው እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አነበቡ። «ገዳይ ጸሐፊ ነው። አንብቡት።»

«ይኸው! መጀመሪያ ብጣሿን አይቻት አልገባኝም ነበር። ገጽ ዘጠና ስደርስ ያ ጸሐፊ እጅጌው ቀለም ነክቶት እንደገና ብቅ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዘጠና ገጽ ልፋቴን ገደል ከተትሽው።»

«የኔታ፣ ገዳይ ማለት እኮ በጣም ጥሩ ማለት ነው።»

«ማን ዘንድ?»

«እኛ ዘንድ።»

«እናንተ ዘንድ ነፍስ ማጥፋት ጥሩ ነው?»

«ኧረ የኔታ! ለምሳሌ የርስዎን ጫማ፣ ገዳይ ጫማ ነው ልል እችላለሁ።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። የላስቲክ ኮንጎ ነው።

«ይሄ ማንን ገደለ?»

ጋሽ ወልደ ኪዳን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። እኔ አልሳቅሁም፤ እልህ ይዞኛል። «ጸሐፊ ያልሁት ደራሲውን ነው» አልሁ።

«ታዲያ ደራሲ አትይም ነበር? እኔ ደግሞ ኅብር መስሎኝ። አንዱን ቃል ለሁለት አውለሽው፤ ላዩ ምስጋና፣ ውስጡ ምስጢር። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማርሁ ሰው ይቺን ላልፋት ነው? አሠራሩስ ባልከፋ፤ ተንኮልሽ ነው የከፋው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቅኔ መምህር አደነቀኝ፤ ያውም ላልሠራሁት ሥራ፣ ያውም ሊያስቀጣኝ።

ምን ብዬ ልከራከር? ጸሐፊው ነው ብል ተናገርሁ። አይደለም ብል ከአራት ሰው አንዱን ቀነስሁባቸው። ዝም ብል ጥፋተኛ ነኝ። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ ለዚህ አልሆነም። ንዴት አፌን ቀደመው።

«እሺ የኔታ፣ ጨርሰው ያንብቡት። ገዳዩ ጸሐፊው ከሆነ ዳግመኛ መጽሐፍ አልለምንም!»

የኔታ ከበርጩማቸው ተነሱ።

«እንዲህ ከማልሽማ አይደለም ማለት ነው!»

«ወይኔ!»

«አሁንም ነገርሽኝ! ወልደ ኪዳን፣ አየሃት? ዓይኔ እያየ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔም እኮ አላነበብሁትም!» አሉ ጋሽ ወልደ ኪዳን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ጥሩ ነበር። የኔታ ግን መልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጸሐፊው ካልሆነ እንግዲያ ማነው?»

«አልናገርም።»

«ከተበላሸ ወዲያ ምን ቀረው? ንገሪኝ። ጠበቃው ነው?»

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልናገርም።»

«ሚስቱ ናት። ፊትሽ ላይ አየሁት።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ውጭ ቢያድግልኝ ክላክስ አደረገ። ጋሽ ወልደ ኪዳን ከመደርደሪያው ሁለት መጽሐፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አዲስ ናቸው፤ አንደኛው ገጹ ገና አልተላቀቀም። «በቃ ንገሪያቸውና እነዚህን ይዘሽ ሂጂ። ውላችንም ይቀጥላል። እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ» አሉና እውነትም በሁለት ጣታቸው ደፈኑ።

በነጠላዬ ቀዳዳ መጽሐፎቹን አየኋቸው። አንዲት ቃል ነበር የምታስፈልገኝ። ግን ያቺ በር ላይ የምትቀመጠው እናት ትዝ አለችኝ። ገዳዩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው እሷን እስከ መጨረሻው እንደ ተራ ለማኝ ነው የሚያልፋት። እኔ መጨረሻ ላይ ምን ፈልጋ ትመጣ እንደነበር ሲገባኝ ሜትሩ ከእጄ ወድቋል። ያን ከየኔታ ልቀማ?

«ደህና ይዋሉ» ብዬ ወደ በሩ ዞርሁ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ቁሚ» አሉ የኔታ። «መጽሐፍ እያየሽ፣ መኪና እየጠራሽ፣ አንዲት ስም አታወጪም?»

«አላወጣም።»

«ወልደ ኪዳን፣ ጣትህን አውጣና ስማኝ። ይቺ ልጅ ገዳይ አልተናገረችም። የምትናገር ብትሆን አሁን ትናገር ነበር። መጽሐፎቹን ስጣት።»

ልሳለማቸው ጎንበስ ስል ጨመሩበት። «ግን ከእንግዲህ ብጣሿ ሽፋን ውስጥ ከመግባቷ በፊት እኔ አያታለሁ። ለሁለት የሚፈታ ቃል ካለባት ተመልሳ ትሄዳለች።»

«የኔታ፣ እሱማ—»

«ጨርሻለሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱን መጽሐፍ እቅፍ አድርጌ እስከ ደብረ ወርቅ ደስ አለኝ። ከደብረ ወርቅ ወዲህ የተስማማሁበት ነገር ገባኝ።

ከሁለቱ የመጀመሪያው «ሦስተኛዋ ሙሽራ» ነው፤ መቶ ሰማንያ ገጽ፣ ሦስት ሠርግ፣ አንድም ምክንያት የለውም። «ይህ መጽሐፍ አያልቅም» ብዬ ላክሁ። በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰ፤ «ሰው እየወደደው አያልቅም ወይስ እየሰለቸው?» ቀየርሁት፤ «ደራሲው ሙሽሮቹን አያውቃቸውም።» ተመለሰ፤ «ጨዋ ሰው ነው ማለትሽ ነው?» ሦስተኛውን አሳጥሬ «አሰልቺ ነው» አልሁ። ለዚህስ ሁለት ፍች ከየት ያመጣሉ ብዬ ነበር። «ይህ ፍርድ እንጂ አስተያየት አይደለም፤ ምክንያቱ የታለ?» ብለው መለሱት። ከሥሩ ደግሞ በዚያው ቀይ፣ «የመዝገብ ቤቱን ትናንት ጨረስሁ። ዘበኛውን ጠርጥሬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እናቲቱ እንቅልፍ ነሳችኝ።»

ልብ በሉ፤ ዘበኛው አለመሆኑን በገዛ እጃቸው ጻፉት። ወረቀቱ ሳይታጠፍ ነው የመጣው፤ ያመጣው ቢያድግልኝ፣ ለቢያድግልኝ የሰጡት ጋሽ ወልደ ኪዳን፤ እሳቸው ደግሞ መጽሐፉን ገና ጀምረው ገጽ ሠላሳ ላይ ናቸው። አሁን ከአራቱ ተጠርጣሪ የቀሩላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለዚህ ማን ነው የሚከሰሰው?

እኔ አራተኛውን እየጻፍሁ ነው። እስካሁን «መጽሐፉ» የሚለው ላይ ደርሻለሁ።