ከዳኛው ጋር የተቀበረው ባንዲራ

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ይህን የማወጋችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም።

በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ድብ ባሕር፣ ወደ መኪናው መንገድ ስንወርድ፣ ከፊት ከፊት ባንዲራ ይዞ የሚመራን ዳኛው የሚባል የአገራችን ሰው ነበር፤ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ። ነጭ ጨርቅ ነው፣ መሀሉ ላይ ቀይ መስቀል። በተኩስ ሰሞን እንኳ ያን ያየ ሰው ጣቱን ከምላጭ ያነሳል።

ዳኛው በሰኔ ታሞ ሞተ። ሚስቱ ባንቺአየሁ ባንዲራውን ከከፈኑ ላይ አልብሳ ቀበረችው። እኛም "ሸጋ አደረግሽ" አልናት። መስቀል ያለበት ጨርቅ ከሟች ላይ እንዴት ይነጠላል? ከጎንደር ለለቅሶ የመጣች ሚስጥር የምትባል የቀይ መስቀል ልጅ ግን ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"አያ ላቀው፣ ምነው እንዲህ አደረጋችሁ? ይሄ እኮ የሙት አይደለም። በሽተኛና ቁስለኛ የሚያልፍበት ምልክት ነው።"

ሌላ እልካለሁ ብላ ሄደች። ሳይደርስ የጎንደር መንገድ ተዘጋ፤ ክረምትም ገባ።

በነሐሴ ልጄን ፍሬን ምጥ ያዛት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አዋላጇ "እዚህ ከቆየች ትሞትባችኋለች" አለች። ጋራው ላይ ታጣቂ አለ፤ በጉም ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይተኮስበታል። ቢሆንም ባሏ አዳነ፣ ጎረቤታችን ሰውአገኝ፣ ወንድሜና እኔ አራት ሆነን አነሳናት።

"ፍሬ፣ አንድ ነኝ እንዳትይን። ሁለት መሆንሽን ትከሻችን ቆጥሮታል" አለ ሰውአገኝ። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ቁልቁለቱ መሀል ስንደርስ ከላይ "ቁም" የሚል ድምፅ መጣ። ቆምን። ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማን። 

ከዚያ ያው ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ "እለፉ፤ ባንዲራችሁ ታይቷል" አለ።

ልጆቼ፣ እጃችን ላይ ከቃሬዛው በቀር ምንም አልነበረም።

ሳንተነፍስ ተራመድን። ከፊታችን እርጥብ ጨርቅ ነፋስ ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ ይሰማል። ነፋስ ግን የለም። ስንታጠፍ ይታጠፋል፣ ስንፈጥን ይፈጥናል።

"ቀና ብላችሁ አትዩ" አለ ሰውአገኝ፣ ቀልዱ ጠፍቶበት።

"አባዬ" አለች ፍሬ፣ "ይሄ ጨርቅ ፊቴን እየነካኝ ነው። አፈር አፈር ይሸታል። አንሳልኝ።"

ምኑን ላንሳላት? በባዶ እጄ አየሩን ገፋ አደረግሁ። ጣቶቼ ርሰው ተመለሱ።

ድብ ባሕር ስንገባ ድምፁ ቀረ። መኪና ተገኘ፤ ወደ ደባርቅ ይዟት ወጣ። ቀትር ሳይሆን ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ተረፉ።

ለማንም አንናገር ተባብለን ነበር፤ የሰውአገኝ አፍ መች ያርፋል። በሦስተኛው ቀን ባንቺአየሁ ደጄ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

"አያ ላቀው፣ ደክሞት ነበር?"

"አላየሁትም፣ ልጄ። ጉም ነበር።"

"ጉልበቱን ያመው ነበር። ቁልቁለት ይከብደዋል።"

ምን ብዬ ላሳርፋት? "እሱስ ፈጣን ነበር" አልኳት፤ "ያልደረስንበት እኛ ነን።"