አንድ ጣት ትርፍ

ማዳም አርሻሉስ ጣታቸውን ከልጅቱ ተረከዝ በስተኋላ ወደ ጫማው ሰደዱት። ያለ ችግር ገባ።

«ሰፊ ነው» አሉ። «እኔ የሳልኩት ልክ ይሄ አልነበረም።»

የሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ስልከኛ ዳምጤ ቆቡን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ዓይናዲስ ከእኒህ የባቡር መሐንዲስ ሚስት ዘንድ ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ዳንስ ስትማር አራተኛ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለት ሞልቷታል። ዛሬ በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን፣ አፍንጫው የደነደነውን ጫማ አድርጋ ልትነሣ ነበር። ማዳም ደግሞ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ጠቅልለው ወደ ጅቡቲ ይሄዳሉ። ከእሳቸው ሌላ በዚህ አገር ይህን የሚያውቅ የለም።

«አባባ፣ ጥጥ እንጠቅጥቅበት» አለች ልጅቱ። «የትምህርት ቤቱን ጫማ እንዳደረግነው።»

ሻንጣ ሊያወጣ የመጣው ኩሊ ዓሊዩ በሩ ላይ ሳቀ። «ወላሂ ዳምጤ፣ ይሄንንስ ስታገባ ነው የምታደርገው!»

ዳምጤ አልሳቀም። ማዳም የእግሯን ዙሪያ ወረቀት ላይ ስለው፣ ጫማው ወደሚታዘዝበት ሩቅ ሱቅ እንዲላክ ፖስታ ቤት እንዲያደርስ የሰጡት ለእሱ ነበር። መንገድ ላይ እርሳሱን አውጥቶ ከጣቷ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ጨመረበት። ክፋት አላሰበም። የልጅ ጫማ እንዲያ ነው የሚገዛው፤ እግር ያድጋል። አሁን ዝም ቢል ጥፋቱ የሩቁ ሱቅ ይሆናል። ልጅቱም አንዴ እንኳን ማዳም እያዩዋት ትቆማለች።

«ጥጥ ቢገባበትስ?» አለ።

«እግሯ ውስጥ ውስጡን ይንሸራተታል፤ ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፋል። አጥንቷ ገና ለጋ ነው።»

ዳምጤ ቆቡን ወንበሩ ላይ አኖረ።

«ልኩን ያሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ዓይናዲስ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጥብጣቡን ትፈታ ጀመር። እንባዋ እጇ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ማዳም አልተቆጡም። ዳምጤን ከልጅቱ ኋላ አንበረከኩት።

«ልኳ የሆነ ሌላ ጫማ እስኪመጣ በባዶ እግሯ ትሥራ። በአንድ እግሯ ጣቶች ላይ ሃያ ጊዜ ተነሥታ ካልተንቀጠቀጠች፣ ያን ጊዜ ጫማውን ታድርግ። ያውም የሆነ ነገር ይዛ፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ። ቁርጭምጭሚቷ ካጋደለ ያስቁሟት። ከእንግዲህ የሚያይላት እርስዎ ነዎት።»

ባቡሩ ሄደ። አባትና ልጅ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀሩ። ልጅቱ የመስኮቱን ደፍ ይዛ በአንድ እግሯ ተነሣች፣ ወረደች፤ እንደገና ተነሣች። ዳምጤ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ አየ። በሰባተኛው ቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ያጋደለ መሰለው። እርግጠኛ አልነበረም።

«አቁሚ» አለ።

በጣቶቿ ላይ እንደቆመች ቆየች። ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ ተረከዟን ቀስ አድርጋ አወረደች።

«ወደየት ነው ያጋደለው?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።