የኦርኔላ ጓጉንቸር

ያን ቅዳሜ ኦርኔላን «ከተማ ላስጎብኝሽ» ብዬ ከቤት ያስወጣኋት ልቧን ልሰብረው ነው። በደንብ አስቤበት፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ነው የወጣሁት።

ኦርኔላ ጣሊያናዊት ናት። ሩሲያኛ ልትማር ያሮስላቭል መጥታ እኔ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የበላችበትን ታጥባለች፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ጥፋቷ ግሌብን መውደዷ ነው። ግሌብ የታይሲያ እጮኛ ነው። ታይሲያ ደግሞ የክርስትና ልጄ ናት፤ ከዚሁ ቀላማጅ አርግዛለች።

ግሌብን ከኦርኔላ ጋር ያገናኘው የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ነው፣ እያወራ እንዲያለማምዳት። አለማመዳታ! አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ደረጃው ሥር ተቃቅፈው ደረስኩባቸው። በማግስቱ ብቻውን መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። «አክስት ፋያ፣ ስለ እግዜር! ለታይሲያ እንዳትነግሪያት። እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

አልጨረሰም። ሠርጉ ሲቃረብ ለኦርኔላ «ቅዳሜ ገጠር አያቴ ጋ ድንች ልቆፍር ነው» አላት። ወሩ መስከረም ነው፣ አገር ሁሉ ድንች ይቆፍራል፤ ለምን አታምነው?

የሠርጉ ዋዜማ ኦርኔላ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብላ ከቦርሳዋ አንድ ጓጉንቸር አወጣች። «ግሌብ እና ኦርኔላ» የሚል ተቀርጾበታል።

«አክስት ፋያ፣ አገሬ ያገኘሁትን ሥራ ትቼዋለሁ። እዚሁ ልቀር ነው። እሱ ገና አልሰማም። እሑድ ሲመለስ እነግረውና እንደ እዚህ ከተማ ፍቅረኞች ድልድዩ ላይ አብረን እንቆልፈዋለን።»

ደሜ ፈላ። ይቺ ልጅ እዚህ ከቀረች ያ ልፍስፍስ በሠርጉ ማግስት እሷ ጋ ይገኛል። ወይ ደግሞ አገሯ ይዛው ትሄድና የኔ ታይሲያ ሕፃን ታቅፋ ትቀራለች። እውነቱን ብነግራት አታምነኝም፤ ብታምነኝም እሱ አንዴ ስሞ ያስረሳታል። በዓይኗ ማየት ነበረባት። ለታይሲያ ደወልኩና «ጉልበቴን አሞኛል፤ ማዘጋጃ ቤት መቆም አልችልም፣ ድልድዩ ላይ እጠብቃችኋለሁ» አልኳት። የእኛ ከተማ ሙሽሮች ፈርመው ሲወጡ መንገዳቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ለጦርነቱ ሙታን የሚነደው እሳት፣ ቀጥሎ የድቧ ሐውልት፣ መጨረሻ ድልድዩ።

ጠዋት የሐር ቀሚሴን ለብሼ ስመጣ ኦርኔላ አጨበጨበች።

«እንዴ! ለእኔ ብለው ነው እንዲህ የዘነጡት?»

«ታዲያ ለማን መሰለሽ?» አልኳት።

እሳቱ ጋ ስንደርስ ሙሽሮች ተራ ይጠብቃሉ። የአንዶቹ እንግዶች ሻምፓኝ በፕላስቲክ ኩባያ ይዘው «መረረን! መረረን!» እያሉ ይጮኻሉ። ኦርኔላ ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«መጠጡ መረረን ማለታቸው ነው። ሙሽሮቹ ካልተሳሳሙ አይጣፍጥም። እምቢ ማለት የለም፤ መረረን ከተባለ መሳም ነው። ሲሳሳሙ ደግሞ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል።»

«እኔም ልጩኽ? ባላውቃቸውም?»

«የመንገደኛ ሲሆንማ ገድ ነው። ጩኺ!»

ፈራ ተባ እያለች ጮኸች። ሙሽሮቹ ዞረው ሳቁላት፣ ተሳሳሙላትም። አንድ የሞቀው ሽማግሌ «ይቺ ጥቁር ዓይን ደግሞ ከየት መጣች? ለልጄ ትሁነኝ!» ሲላት፣ «ተይዣለሁ!» ብላ መለሰችለት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ድቧ ጋ ማን ያስቁማት! ያገኘችው ሙሽራ ላይ ሁሉ ትጮኻለች። ፒሮዥኪ የሚባለውን ጎመን የተሞላ ትንሽ ዳቦ ሁለት ገዛሁላት። አንዱን በልታ ሌላውን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ግሌብ የጎመን ይወዳል። ለነገ ላስቀምጥለት።»

«አስቀምጪለት፤ ድንች ሰልችቶት ነው የሚመጣው» አልኳት።

ልዋሽ አልፈልግም፣ እዚህ ላይ አንጀቴን በላችው። ግን ታይሲያ ጠዋት ጠዋት ስታስመልስ ቤቷ ሄጄ ግንባሯን የምይዘው እኔ ነኝ። ክንዷን ይዤ ወደ ድልድዩ ወሰድኳት።

ድልድዩ ላይ አንድ ሠርገኛ ቆሟል። ሙሽሮቹ ፊታቸውን ወደ ወንዙ፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ከጀርባ ሲታይ ሙሽራ ሁሉ አንድ ነው። መጎንተል እንኳ አላስፈለጋትም። እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ባለ በሌለ ድምጿ ጮኸች።

«መረረን!»

ግሌብ ዞረ።

ፊቱ ኖራ መሰለ። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ታይሲያ ግን «ክርስትና እናቴ፣ መጣሽልኝ!» ብላ እጇን እያወዛወዘች ነው። እንግዶቹ ጩኸቱን ከኦርኔላ ተቀበሉ። «መረረን! መረረን!» ታይሲያ እየሳቀች ከረባቱን ይዛ ሳበችውና ሳመችው። ሕዝቡ መቁጠር ጀመረ። ከጎኔ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ አብሮ ይቆጥር ነበር። ቁጥሮቹን ያስተማራት እሱ ነው፤ አንዱንም አልሳተችም። ሙሽሮቹ ተላቅቀው ሰዉ ዝም ሲልም እሷ ትንሽ ቆጠረች።

እዬዬ ትላለች፣ ትሮጣለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ፒሮዥኪውን ገፋ አድርጋ ጓጉንቸሩን አወጣች፣ ሄዳ ታይሲያ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ። የመንገደኛ ስጦታ ነው።»

«ውይ የኔ ቆንጆ!» ታይሲያ አቀፈቻት። «ይሄ ሰውዬ እኮ ጓጉንቸር ግዛ ብዬው ረስቶ ነው የመጣው!»

እኔ ምን ልበል? «አትቆልፊው» ብላት «ለምን?» ትለኛለች። ታይሲያ ጓጉንቸሩን ከብረቱ አጥር ጋር ጠርቅማ ቆለፈችውና መክፈቻውን እንደ ልማዱ ወንዝ ውስጥ ወረወረችው። ሰዉ አጨበጨበ። ኦርኔላ ወደ ትራሙ ፌርማታ መራመድ ጀምራለች፤ አትቸኩልም፣ ዞራም አላየችን።

ፎቶ አንሺው ጎንበስ አለ። «ጽሑፍ አለው እኮ! አዙሩትና ፎቶው ውስጥ ይግባ።»

ታይሲያ አዞረችው። ጮክ ብላ፣ ፈገግ እንዳለች ማንበብ ጀመረች። «ግሌብ እና...»

ግሌብን አላየችውም። የኦርኔላን ጀርባ አየች፣ ከዚያ እኔን፣ የሐር ቀሚሴን።

«ክርስትና እናቴ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን ክንዷን ይዘሽ አልነበር የመጣሽው?»

ኋላ የቆሙት እንግዶች ምንም አልሰሙም። ኩባያቸውን ሞልተው «መረረን! መረረን!» ብለው እንደገና ጀመሩ።