ዘነዘናው ዝም ሲል

እማማ ሲዮክ ለልጃቸው ሚስት ሲመርጡ መልክ አያዩም፤ ሙቀጫ ያዳምጣሉ። በማሌዥያዋ ከተማ በመላካ አሮጌ ቤቶች ደንቡ ይኸው ነው፤ እንግዳዋ ሳሎን ትቀመጣለች፣ ልጅቷ ጓዳ ትወቅጣለች፣ ጠባይዋ ከድምፁ ይነበባል። ዛሬ ተራው የጌክ ኒዮ ነበር። የእማማ ሲዮክን ልጅ ቼንግ ሆክን ትወደዋለች፤ የእናቱ ጆሮ ካልወደዳት ግን ነገሩ አበቃ።

እናቷ ሳያስተምሯት ስለሞቱ፣ ላክሳ የሚባለውን የኑድል ሾርባ እያሳረረች፣ እየደፋች፣ በገዛ ምላሷ ነው የተማረችው። ደረቅ በርበሬውን፣ እርዱን፣ ጠጅ ሣሩንና የሽሪምፕ ድልሁን አንድ ላይ ስትወቅጥ፣ ድው፣ ድው፣ ድው፤ ሳሎን ያሉት ሴትዮ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ መሀል ምድጃው ላይ የሚጠበሰው የሽሪምፕ ራስና ቅርፊት ሽታው ሊለወጥ ሲል አፍንጫዋ ነቃ። ዘነዘናውን አስቀመጠች።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ምን ነካሽ? ውቀጪ እንጂ» አለች አክስቷ ቢ ጂን በሹክሹክታ። «ሰነፍ ናት ሊሉሽ ነው።»

«ቅርፊቱ ካረረ መረቁ ሬት ነው፣ አክስቴ።»

«መረቁን ማን ይሰማዋል? አምጪ፣ እኔ ልውቀጥልሽ።»

«ያንቺ አወቃቀጥ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ነው። ገና ሁለት ሳትመቺ ይነቁብናል።»

ከሳሎን ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ጌክ ኒዮ አልቸኮለችም። ቅርፊቱን አገላበጠች፤ ወርቅ ሲመስል ውሃ ቸለሰችበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሙቀጫዋ የተመለሰችው። የወቀጠችውን ዘይቱ ዳር ዳሩን እስኪወጣ አቁላልታ፣ መረቁንና የኮኮናት ወተቱን ጨመረች። ኑድሉን በማንኪያ እንዲበላ ቆራረጠችው፤ ሽሪምፑን ከላይ ደረደረች።

«መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አሉ እማማ ሲዮክ ሳህኑን ሲቀበሉ።

«ይቅመሱና ይፍረዱ፣ እማማ። ላክሳ በጆሮ አይበላም።»

አክስቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እማማ ሲዮክ ቀመሱ። መጀመሪያ የኮኮናቱ ልስላሴ መጣ፤ በርበሬው ቀስ ብሎ ተከተለ፤ ሁለቱም ካለፉ በኋላ ያ የተጠበሰ የሽሪምፕ ጣዕም፣ ባሕሩ ራሱ ጉሮሮ ውስጥ እንደገባ ሁሉ፣ አልለቅ አለ። ማንኪያው ሳህኑን እስኪጭር ድረስ በሉ።

«ዝም ስትዪ ሰነፍ ብዬሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የት ሄደሽ እንደነበር አሁን ቀመስኩት።»

ሳህናቸውን ይዘው ጓዳ ገቡና ምድጃው አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ጨምሪልኝ። ለሠርጉ በትልቁ ድስት ስለሆነ፣ አንቺ ትወቅጫለሽ፤ ቅርፊቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»